ሃምሳዎቹ ሴቶች የጠበቁት ግንብ

ሰው ሞምባሳ የሚሄደው ለባሕሩ ነው። እኔን የወሰደኝ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ፎርት ጂሰስ ስለሚባለው የሞምባሳ ግንብ ሳነብ ነው ያገኘሁት። የኦማን ዓረቦች ግንቡን ከበውት ሳለ፣ ኦገስት 28 ቀን 1697 የግንቡ አዛዥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ግንቡን የሚጠብቁት የፋዛው ሼክ ዳውድ፣ 17 ዘመዶቻቸው፣ 8 አፍሪካውያን ወንዶችና 50 አፍሪካውያን ሴቶች ብቻ ነበሩ ይላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ ይህን ብሎ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ። ሃምሳ ሴቶች የጦር ግንብ ይዘው ቆሙ፤ ስለ እነሱ የተጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ናይሮቢ መጥታ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ጎንደር ነው። ማታ ቡና እየጠጣን ስለ ሴቶቹ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንሂዳ» አለች። በቃ፣ የባቡር ትኬት ቆረጥን።

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ግማሽ ቀን ነው። ጻቮ ላይ መሬቱ እንደ በርበሬ ይቀላል። እናቴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ዝሆን ስትፈልግ ዋለች። ሞምባሳ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችን ላይ እንደ እንፋሎት ተለጠፈ። አሮጌው ከተማ ደርሰን ግንቡን ስታየው ግን ቅር አላት።

«ይሄ ነው? አጭር ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። የፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ላደገ ሰው ግንብ ማለት ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ነው። ፎርት ጂሰስ ግን ወደ ጎን ነው የተኛው። የኮራል ቋጥኝ ላይ ተዘርግቶ ከፊቱ ባሕሩን ያያል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ዘንበል ያለ ነው፣ ጌጥ የለውም። ምክንያቱ መድፍ ነው። መድፍ ከመጣ በኋላ ረጅም ግንብ ማለት ለመመታት የተመቸ ግንብ ማለት ሆነ። በሬኔሳንስ ዘመን የጣሊያን መሐንዲሶች ይህን ቀድመው ገባቸው። ግንቡን ዝቅ አደረጉት፣ አወፈሩት። በየማዕዘኑ ደግሞ እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለ ክንፍ አወጡለት። በድሮው ክብ ማማ ሥር አንድ ጠላት ከተጠጋ ከላይ የቆመው ሰው አያየውም ነበር። እዚህ ግን አንዱ ክንፍ የሌላውን ክንፍ ግድግዳ ከጎን ያያል። መደበቂያ የለም። ፎርት ጂሰስ እንዲህ ያሉ አራት ክንፎች አሉት፤ አራቱም በቅዱሳን ስም የተጠሩ ናቸው።

ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላኖ ሰው ነው። በምሥራቅ ላሉት የፖርቱጋል ይዞታዎች ሁሉ ዋና መሐንዲስ ነበር። ሥራው በ1593 ተጀምሮ በ1596 አለቀ። በዚያው በ1596 እሱም በሕንድ የፖርቱጋሎች ዋና ከተማ በነበረችው በጎዋ ሞተ። ያዘዘው ንጉሥ ፊሊጶስ ሁለተኛ ነው፤ ያን ጊዜ ስፔንንም ፖርቱጋልንም አንድ ላይ ይገዛ ነበር። ከላይ ሲታይ ግንቡ በጀርባው የተኛ ሰው ይመስላል፣ ራሱ ወደ ባሕሩ። የሬኔሳንስ ሰዎች የሰው አካል የመልካም ሕንፃ መለኪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዩኔስኮ በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር መሬት ላይ ለቆመ ሰው ሰውየው አይታይም። የሚታየው ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩ ደግሞ ልብ ይሰርቃል። ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው። አንዳንዱ ላይ የዛጎል ቁራጭ እንደተሰካ ቀርቷል። እናቴ ጣቷን በመጋጠሚያው ላይ አሽታ አየችው። «ኖራ ነው» አለች። «የኛም እኮ በኖራ ነው የተሠራው።» አስጎብኚያችን ኖራውን የሚያገኙት ራሱን ኮራሉን በእንጨት አቃጥለው እንደሆነ ነገሩን። ባሕሩ ድንጋዩንም ማጣበቂያውንም ሰጣቸው ማለት ነው። ለእናቴ ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ አጭር ነው የሚለውን ነገር አላነሳችም።

ፖርቱጋሎች እዚህ ለምን ገነቡ? መልሱ ወደ እኛም ሰፈር ይመጣል። ከ1498 ጀምሮ፣ ማለትም ቫስኮ ዳ ጋማ በዚህ በኩል ካለፈ ወዲህ፣ ዋና ወዳጃቸው ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ያለችው የጠረፍ ከተማ ማሊንዲ ነበረች። ሞምባሳ ግን አልተመቸቻቸውም። በተደጋጋሚ ወረሯት፣ አቃጠሏት። በ1580ዎቹ ደግሞ ከቀይ ባሕር ዓሊ በይ የሚባል የቱርክ አዛዥ መርከብ ይዞ ወረደ። ጠረፉን ከፖርቱጋሎች ላይ ማስነሳት ጀመረ። በ1557 ምጽዋን ከያዙት ኦቶማኖች ወገን ነው። ከጎዋ የመጣ መርከበኛ ጦር በ1589 ሞምባሳ ላይ ማረከው። ፖርቱጋሎች ግን ደነገጡ። ከአራት ዓመት በኋላ የመሠረቱ ድንጋይ ተቀመጠ። የቫስኮ ልጅ ክርስቶፎሮ ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር ምጽዋ ወርዶ ወደ አገራችን እንደገባ እኛ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። እዚህ ቆሜ ሳስበው ያ ታሪክና ይሄ ግንብ የአንድ ባሕር ታሪክ ናቸው። በትምህርት ቤት ግን አንድ ላይ አልተማርናቸውም።

በሩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። እዚያ ጋ ብዙ ቆየን። በ1639 የተቀረጸ ነው። ፍራንሲስኮ ዴ ሴይሻስ ዴ ካብሬይራ የሚባል አዛዥ በ1635፣ በ27 ዓመቱ፣ እዚህ እንደተሾመ ይናገራል። ግንቡን አደሰ ይላል። የጥበቃውን ቤት ሠራ ይላል። የትኞቹን ነገሥታት እንዳስገበረ፣ ፓቴንና ሲዩን እንዴት እንደቀጣ፣ ፔምባ ላይ ማንን እንደገደለ ይዘረዝራል። ከዚያ ለዚህ ሁሉ ምን እንደተሰጠው ይቀጥላል፤ የዓመት አበሉ 50 ሚልሬስ (የፖርቱጋል ገንዘብ) መሆኑ ሳይቀር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል።

እናቴ «እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት።

«የሱ ደመወዝ ተጽፎ፣ የሴቶቹ ስም ሳይጻፍ» አለች።

ካብሬይራ አስነዋሪ ንጉሥ፣ አመፀኛ ብሎ የሚያነሳው ሰው ታሪክ ግን ብዙ ያስጨንቃል። የሞምባሳው ሱልጣን ሐሰን ከግንቡ አዛዥ ጋር ተጣልተው በ1614 ከሞምባሳ ደሴት ወደ ዋናው መሬት ተሻገሩ። እዚያ ተገደሉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ጎዋ ተላከ። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዩሱፍን ደግሞ ፖርቱጋሎች ወደዚያው ወደ ጎዋ ወሰዱት። የአውግስጢኖስ መነኮሳት አሳደጉት፣ አጠመቁት፣ ዶን ጀሮኒሞ አሉት። በፖርቱጋል መርከብ ላይ አገለገለ። በ1626 የአባቱ ዙፋን ላይ አስቀመጡት። አገሬው ባዕድ አለው፣ ፖርቱጋሎቹም አላመኑትም። ከዚያ አንድ ሰው ዩሱፍ በአባቱ መቃብር ላይ በእስልምና ሥርዓት ሲጸልይ አየው። ወሬው ለአዛዡ ደረሰ።

ዩሱፍ ቀደመ። ኦገስት 16 ቀን 1631 እንደ እንግዳ ወደ ግንቡ ገባና አዛዡን በጩቤ ወጋው። ከዚያ ከተማው ውስጥ ያለውን ክርስቲያን ወንዱንም፣ ሴቱንም፣ ሕፃኑንም አስገደለ። ስለዚህ ጭፍጨፋ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሕፃናትን መግደል በምንም ሂሳብ አይስተካከልም። ግን ያ መቃብር ላይ ያለው ልጅም ከዓይኔ አይጠፋም። አባቱን የገደሉት ሰዎች አሳድገውት፣ በሰጡት ስም እየተጠራ፣ በጨለማ ወደ አባቱ መቃብር የሚሄድ ልጅ።

በሚቀጥለው ዓመት ከጎዋ የመጣው ጦር ግንቡን መስበር አቃተው። ራሳቸው የሠሩት ግንብ መልሶ መከታቸው። በኋላ ዩሱፍ መርከብ ይዞ ወደ ባሕር ወጣ፤ ኦገስት 1632 ፖርቱጋሎች ባዶ ግንብ ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

«1632 በኛ ምን ነበር?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። አላመነታችም። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» አለች። አዎ፣ ያው ዓመት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ትተው የአገሩን ሃይማኖት የመለሱት በዚያው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ካብሬይራ ሞምባሳ ላይ ግንቡን ሲያድስ ጎንደር ላይ የፋሲል ግንብ መሠረት ይወጣ ነበር። እናቴ የበሩን ድንጋይ እንደገና በመዳፏ ነካችው፣ በዚህ ጊዜ ቀስ ብላ።

ውስጡ ሰፊ ግቢ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት አለ፣ የውኃ ጉድጓድ አለ፣ የወታደሮች ማደሪያ ፍርስራሽ አለ። ኮራሉን ቀድዶ ወደ ባሕር የሚወርድ መተላለፊያም አለ፤ ዕቃና ሰው ከመርከብ የሚገባው በዚያ ነበር። ለኔ ግን ከሁሉ የበለጠው በልስን ግድግዳ ላይ የቀሩት ሥዕሎች ናቸው። የፖርቱጋል መርከበኞችና ወታደሮች በከሰልና በቀይ አፈር የሣሏቸው ናቸው። መርከብ አለ፣ ብዙ መርከብ፤ ገመዱና ሸራው አንድ በአንድ። ዓሣ አለ። የሰው ምስል አለ።

«እስስት!» አለች እናቴ ጮክ ብላ።

እውነትም እስስት ናት። ጅራቷን ጠቅልላ ተቀምጣለች። ዘብ የሚጠብቅ፣ ሙቀቱ ያሰለቸው አንድ ሰው ከሰል አንስቶ በቀን ያያትን እስስት ሥሏታል። ንጉሡን አልሣለም፣ አዛዡን አልሣለም። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት የጎንደር ሴት ገና ስታያት አወቀቻት።

አሁን ወደ ከበባው።

የኦማን ዓረቦች በ1650 ፖርቱጋሎችን ከማስካት አስወጥተዋል። የጠረፉ ሰዎችም በፖርቱጋል አገዛዝ ተማረው «ድረሱልን» ብለው ወደ ኦማን ይልኩ ነበር። (ማስካት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። በየጊዜው በአጠገባቸው የምታልፋቸው ሁለት ግንቦች፣ አል ጀላሊና አል ሚራኒ፣ በዚያው ዘመን የፖርቱጋሎች ሥራ መሆናቸውን አታውቅም ነበር።) ማርች 13 ቀን 1696 የኦማን መርከቦች ሞምባሳ ደረሱ። ግንቡ ውስጥ ከ50 እስከ 70 የሚሆኑ ፖርቱጋላዊ ወታደሮችና ብዙ መቶ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከበባው 33 ወር ፈጀ።

ግድግዳው ያን ሁሉ ጊዜ አልፈረሰም። የጨረሳቸው በሽታ ነው። የካይራቲ ክንፎች የመድፍን ጥይት ይመልሳሉ፤ ወረርሽኝን ግን አይመልሱም። የዝናብ ውኃ እየጠጣ፣ ስንቁ እያለቀ፣ ሰው በየቀኑ ይቀበራል። እርዳታ ይዞ የመጣው መርከብም ሰዎች ጨመረላቸው፤ እነሱም ታመሙ። ኦገስት 28 ላይ አዛዡ ሞተ። ያ የኔ ዓረፍተ ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ሼክ ዳውድ የፋዛ ሰው ናቸው። ፋዛ በሰሜን በኩል ፓቴ ደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት። ሙስሊም ሆነው፣ ስዋሂሊ ሆነው፣ የፖርቱጋልን ግንብ ከሌሎች ሙስሊሞች ተከላከሉ። ታሪክን በሃይማኖትና በዘር ብቻ መድበን ስንይዘው እንዲህ ያለ ሰው የት እንደምናስቀምጠው ይቸግረናል። ከሳቸው ጋር ሃምሳዎቹ ሴቶች አሉ።

እናቴ አንድ ጥግ ጥላ ላይ ተቀምጣ ብዙ ጠየቀችኝ። ማን ነበር የሚያበስለው? ውኃ ማን ይቀዳል? የሞተውን ማን ያጥባል? ዘብስ በስንት ሰዓት ይቀያየራሉ? ጥያቄዎቿ ሁሉ ቤት ያስተዳደረ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ያነበብኩት ስለ መድፍና ስለ መርከብ ነው። እሷ ግን ከበባ ማለት ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ ገብቷታል። ከበባ ማለት በየቀኑ ሰውን ማብላት ነው፣ በሽተኛን ማገላበጥ ነው፣ ሌሊት ዓይንን አለመክደን ነው። እነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ የሰው አገልጋዮችና ባሮች ሳይሆኑ አይቀርም። ወንዶቹ በሕይወት ሳሉ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ወንዶቹ ሲያልቁ ደግሞ ግድግዳው ላይ መቆሙ ተጨመረባቸው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያዙት። ውጭ ያሉት ኦማኖች አልገቡም። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ አዲስ መርከብ ከጎዋ ደረሰ፤ ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና ይባላል። እናቴ «ጣና?» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። ታና ግን በሕንድ፣ ቦምቤይ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። መርከቡ በኦክቶበር ከግንቡ ፊት ለፊት ሰመጠ። ከ1976 እስከ 1980 ድረስ የባሕር ውስጥ አርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው ዕቃውን አወጡት። ሙዚየሙ ውስጥ አየነው፤ የቻይና ሸክላ፣ ማሰሮዎች፣ የመርከበኞች ዕቃ። እርዳታ ሊያደርስ መጥቶ በሩ ላይ የሰመጠ መርከብ።

ከበባው ከዚያ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠለ። ዲሴምበር 13 ቀን 1698 ኦማኖች ግድግዳውን ወጥተው ገቡ። ውስጥ የሚዋጋ ሰው የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጨረሻው የእርዳታ ጦር ከጎዋ መጣ። ግንቡ ላይ የኦማንን ባንዲራ አየና ሳያርፍ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አሳጥራለሁ። ግንቡ ውስጥ ያሉ አፍሪካውያን ወታደሮች በኦማኖች ላይ ስላመፁ ፖርቱጋሎች በ1728 ተመለሱ። በ1729 ደግሞ እስከ መጨረሻው ወጡ። ማዝሩዎች የሚባሉ የኦማን ዓረብ ጎሳ ገዙት፣ ከዚያ የዛንዚባሩ ሱልጣን ወሰደው። በ1895 እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት። እስከ 1958 ድረስ እስር ቤት ነበር። ከዚያ ጄምስ ኪርክማን የሚባል አርኪኦሎጂስት ቆፍሮ አጠናው፤ በጉልበንኪያን ፋውንዴሽን ገንዘብም ታደሰ። በ1960 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ይሄን ሲናገሩ ቆም አሉ። «ከዚያ በፊት የኛ ሰው እዚህ የሚገባው ወይ ጠመንጃ ይዞ ነው፣ ወይ በሰንሰለት ታስሮ ነው» አሉ። «ወዶ መግባት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።» የዚያን ዕለት ግቢው ዩኒፎርም በለበሱ ተማሪዎች ተሞልቶ ነበር። መድፎቹ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። አስተማሪያቸው ቁጣዋን ትታ አብራቸው ትስቃለች።

ስለ ሃምሳዎቹ ሴቶች የሚናገር ጽሑፍ ፈልጌ ግድግዳውን ሁሉ ዞርኩ። በሄድንበት ቀን እኔ ባየሁት ቦታ አልነበረም። አስጎብኚውን ስጠይቃቸው ግን ያውቃሉ። «ዳዳ» አሉኝ፤ እህቴ ማለት ነው። «ሁልጊዜ እናገራለሁ። የሚጠይቀኝ ግን ትንሽ ነው።»

ልንወጣ ስንል እናቴ ቆመች። «ሃምሳ ነው ያልሽኝ?»

«ሃምሳ።»

«ስምንቱን ወንዶችና የሼኩን ሰዎች ጨምሪ። ሰማንያ አይሞሉም። ይሄን ሁሉ ግድግዳ እንዴት አዳረሱት?» ነጠላዋን አጣፋችና «አንቺ እዚያኛው ማዕዘን ሂጂ» አለችኝ።

ሄድኩ። ግቢውን አቋርጬ፣ ተማሪዎቹን አልፌ፣ ባሕሩ በሚታይበት ጥግ ቆምኩ። ዞር ስል እናቴ በወዲያኛው ጥግ ነጭ ነጥብ ሆናለች። «እማዬ!» አልኳት። ነፋሱ ወሰደው። እንደገና ጮህኩ። አልሰማችኝም። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሷም ትጠራኛለች፤ እኔም አልሰማኋትም። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጫፉን ይዛ ከፍ አድርጋ አውለበለበችልኝ፣ እኔም እጄን አነሳሁላት።